ማሽኑ ሲያንቀላፋ የተሠራ ሹራብ

መስከረም 22

ይድረስ ለዘመዴ ለብሎን፤

ብርዱም ሰዉም ክፉ ሳይሆንብህ፣ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ሲያይ ነው የሚያኮርፈው።

ኢሜይል አጭር ነው የሚጻፈው እያልክ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ሳቅ! እኔ ሰላምታ ሳላስቀድም ጉዳይ ማንሳት አልችልበትም። በስልክ እንዳናወራው ሞክረነዋል፤ «ደህና ነህ? ደህና ነዎት? ሁሉ ደህና?» ስንባባል ሒሳቡ ያልቃል።

ዝምድናችን ሲቆጠር ይርቃል። የአባትህ አያትና የእኔ አያት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ያቀራረበን አጥር መጋራታችን ነው። ግን ሬዲዮኔን በሙሉ ፈታተህ ብሎኑን በጣሳ ሰብስበህ ስታመጣልኝ፣ «ይሄ ልጅ ወይ ሌባ ወይ መሐንዲስ ይሆናል» ብዬ ካቻቢቴ የገዛሁልህ እኔ ነኝ። ስምህንም ያወጣሁልህ ያን ቀን ነው። ዛሬ የካቻቢቴዋን ውለታ ልጠይቅህ ነው።

እንደምታውቀው የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ስሜን ረስተውት «እትዬ ካርድ» ነው የሚሉኝ። የበሽተኛው ታሪክ ከወረቀት ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ እንዲገባ ስንት ዓመት ተጨቃጨቅሁ፤ ይኸው ገባ። የኮምፒውተሩ ባለሙያ ሥራ ሲለቅ ደግሞ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» ብለው የክፍሉን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። ኮርስ ወስጃለሁ፤ እንዲያው ጨርሶ ጨለማ አይደለሁም። ያለን አንድ ትልቅ ሰርቨር ነው። እሱ ውስጥ ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች አሉ፤ ኮርሱ ላይ እንደነገሩን አንዱ ማሽን ተከፍሎ እንደ ሦስት ኮምፒውተር ይሠራል፤ በአንዱ የበሽተኞቹ ዳታቤዝ፣ በአንዱ የላቦራቶሪው፣ በአንዱ የመድኃኒት ቤቱ።

ችግሩ ዳታቤዙ ያዘግማል። የአንድ ሰው ካርድ እስኪከፈት ሰውየው በመስኮቱ እኔን ያያል፣ እኔም እሱን አያለሁ። ሰልፉ ኮሪደሩን ጨርሶ ደጅ ወጥቷል። የሚገርመው፣ ሰርቨሩ ሲታይ ሥራ ፈት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሩቡ እንኳ አይሞላም። የሻጩ ድርጅት ሰው መጥቶ «አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ» ብሎን ሄደ። ዋና ሐኪሙ ደግሞ «የምገዛበት የለኝም፤ እስከ ጥር መጨረሻ ሰልፉ ካላጠረ ወደ ወረቀቱ እንመለሳለን» አሉ።

እኔ ሚያዝያ ላይ ጡረታ እወጣለሁ። ከወረቀት ጋር ነው ሥራ የጀመርኩት፤ ከወረቀት ጋር እንዳልጨርስ ነው ጭንቀቴ። ካርዱ የጠፋበት ሰው የማይስማማውን መድኃኒት ስም በቃሉ ለማስታወስ ግንባሩን ሲያሽ አይቻለሁ። ያንን ዘመን ዳግመኛ ማየት አልፈልግም።

እና ልጄ፣ አንተ ባለህበት አገር ያገለገለ ሰርቨር የሚጥሉ ድርጅቶች አሉ ሲባል እሰማለሁ። እስቲ አንዱን ለምንልን።

ባለፈው ዓመት በሰው እጅ የላክሁልህ ሹራብ ልክህ መሆኑን ስለጻፍክልኝ አሁንም ደስ ይለኛል። ዕድሜ ይስጥህ።

እትዬህ


መስከረም 24

ለተከበሩ እትዬ፤

ጉልበትዎ ከደረጃ ጋር ይታረቅልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። የምሠራበት አዳራሽ ውስጥ ከሰው ይልቅ ሰርቨር ይበዛል፤ ቅዝቃዜው ለእነሱ ተብሎ የተለቀቀ ነው፤ ለእኛ ማን አስቦልን! ሹራብዎን ለብሼ ነው የምውለው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አዲስ አይግዙ፤ እኔም አልለምንም። ሥራ ፈት የሚመስል ግን የሚያዘግም ማሽን ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው የኃይል ቁጠባውን ነው። ለዳታቤዝ ሥራ የሚመጣለት በቁንጥር በቁንጥሩ ነው። እርስዎ አንድ ካርድ ሲከፍቱ ከሥር በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጥያቄዎች ይላካሉ። ፕሮሰሰሩ በሁለት ጥያቄ መካከል «ሥራ የለም» ብሎ ያንቀላፋል። ሲጠሩት እስኪነቃ፣ ነቅቶም ሙሉ ፍጥነቱ እስኪመለስ ጊዜ ይሄዳል። አንዷ እንቅልፍ ዓይን ከመርገብገብ ታንሳለች፤ ስትደማመር ግን ሰልፉን ደጅ ታወጣዋለች።

ስለዚህ የፓወር ማኔጅመንቱን ማስተካከያ ይክፈቱ። «ባላንስድ» የሚለው ላይ ይሆናል። «ሃይ ፐርፎርማንስ»፣ ማለትም ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበት፣ ያድርጉት። ይኸው ነው!

ካቻቢቴዋ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለች። የእርስዎ ውለታ ግን በአንድ ምክር የሚያልቅ አይደለም።

ብሎን


ኅዳር 2

ይድረስ ለምወድህና ለምኮራብህ ልጄ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ስለዘገየሁ ቅር አይበልህ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

እንዳልከው አደረግሁ። ምን ልበልህ! ተባረክ፣ ከፍ በል፣ እጅህ አይታጠፍ። ማሽኑ ክንፍ አወጣ ማለት ይቻላል። ይሄን የመሰለ ዕውቀት በዘር ውስጥ መኖሩን ሳስብ ዕንባዬ ይመጣል። «ዘመዴ ነው» እያልኩ ለአገሩ ሁሉ አወራሁ። ፈጣሪ የድካምህን ዋጋ ይክፈልህ።

እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ኮረንቲን ታስታውሰዋለህ? የኤሌክትሪክ ሠራተኛችን፣ አምፖል በርቶ ካየ ዳቦ መሬት የወደቀበት ያህል የሚደነግጠው? ደጅ ለሚቆሙት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ሠራላቸው፤ መልካም ሰው ነው። እኔም አዲስ ሹራብ ጀምሬልሃለሁ። ጥቁር ሰማያዊ ነው። ቢሮ ይዤው እየሄድኩ ፊቱን፣ ጀርባውንና አንዱን እጅጌ ጨርሻለሁ።

ከእንግዲህ የምጠይቅህ ነገር የለኝም። ብቻ ያገለገለ ሰርቨር ድንገት ዓይንህ ከገባ አትለፈው። ለመጠባበቂያ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

በድጋሚ፣ በድጋሚ አመሰግናለሁ።

እትዬህ


ኅዳር 4

ለተከበሩ እትዬ፤

ይህን የምጽፈው እየፈራሁ ነው፤ አይቆጡኝ።

ምስጋናዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እንደዚህ ያለ ምስጋና ተቀብዬ አላውቅም፤ ካቻቢቴ እንኳ ሲገዙልኝ እንደዚህ አላመሰገንኩዎትም። አምሮበታል። ግን አላመንኩትም።

እትዬ፣ እርስዎ እጅዎ ሥራ ካልፈታ ሹራብ የማይነኩ ሰው ነዎት። ሰው በተሰለፈበት መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው ፊትና ጀርባ ከነእጅጌው ጨረሰ የሚባለው መቼ ተቀምጦ ነው? ካርዱ እስኪከፈት ካልሆነ ሌላ ጊዜ አልታየኝም። ማሽኑ ክንፍ ካወጣስ ኮረንቲ ደጅ ላይ ለማን ነው ወንበር የሚሠራው?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህንን በሆስፒታል ለሚሠሩ ሰው መተረት ድፍረት ነው፤ አውቃለሁ። ስለዚህ ድፍረቱን በራሴ ልጀምር። ያ ሹራብ ልኬ አይደለም። እጅጌው አጭር ነው። ከክርኔ ትንሽ አልፎ ይቆማል። ወደ ታች ስስበው ከትከሻዬ ይነሳል። «ልክ ነው» ብዬ የጻፍኩት ያን ሁሉ ድካም ሳስብ ይሉኝታ ይዞኝ ነው።

አሁን የእርስዎ ተራ ነው። ተሻለ ወይስ አልተሻለም? ሌላው ደግሞ፣ የቀየሩት የት ገብተው ነው?

ብሎን


ታኅሣሥ 11

ይድረስ ለብሎን፤

እንደምን ከረምክ? ተቀይሜህ ነበር። ለዚያ ነው ዝም ያልኩት።

ክርንህ ጋ? ኧረ እኔን ይብላኝ! ዓመት ሙሉ ክንድህን ብርድ እየመታው «ልክ ነው» ትለኛለህ? እኔ ደግሞ በዚያው ልክ ሁለተኛውን እሠራለሁ! የመጀመሪያ ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? መልሼ ሳስበው ግን በራሴ ሳቅሁ። ለካ እኔና አንተ አንድ ዓይነት ጉዶች ነን።

እሺ፣ እውነቱን ልንገርህ። አልተሻለም። ቅንጣት አልተሻለም። እንዳልከው ቀየርኩ፣ ጠበቅሁ፣ መልሼ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ግን እንዴት ብዬ ልንገርህ? ሰው ከሥራው ላይ ጊዜ ወስዶ፣ ደክሞ መክሮኝ፣ «ምክርህ አልሠራም» ብዬ ልጻፍለት? እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ቤት ተብሎ አያውቅም። በእኛ ቤት ወጡ ጨው ቢያንሰውም «እጅሽ ይባረክ» ነው የሚባለው። ስለዚህ አመሰገንኩህ። እውነቱ ባነሰ ቁጥር ምስጋናውን አበዛሁት።

ይሄ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ለዋና ሐኪሙም «እየተሻለ ነው» አልኳቸው። አንተን እንዳያሙብኝ ብዬ ነው። እሳቸውም አምነውኝ ነገሩን ተዉት፤ ይኸው አንድ ወር ሙሉ ውሃ ወቀጣ ሆነ። ትናንት አንዲት እናት ልጇን አቅፋ መስኮቱ ላይ ቆማ ቆማ፣ «እትዬ፣ የልጄ ካርድ ጠፋ እንዴ?» አለችኝ። «አልጠፋም፣ ይመጣል» አልኳት። «ታዲያ ከየት ነው የሚመጣው፣ በእግሩ ነው?» አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን መርፌና ክሩን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅሁት። አፈርኩ።

የቀየርኩት ዳታቤዙ ያለበት ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ገብቼ ነው። ሌላ ቦታም አለ እንዴ?

ከጥር መጨረሻ በፊት መልስ ስጠኝ። የክንድህንም ልክ ላክልኝ፤ እውነተኛውን።

እትዬህ


ታኅሣሥ 12

ለተከበሩ እትዬ፤

ይህ ደብዳቤ ከዚያ የምስጋና ደብዳቤ ይልቅ ደስ አሰኝቶኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የምሬን ነው።

ሌላ ቦታ አለ፣ ዋናውም እሱ ነው። የት ገብተው እንደሚቀይሩት ሳልነግርዎት ቀርቻለሁ። ቨርቹዋል ማሽን ተከራይ ነው። ተከራይ በክፍሉ አምፖል ይቀይር ይሆናል እንጂ ቆጣሪውን አይነካም። ኃይሉን የያዘው አከራዩ ነው፤ ማለትም ትልቁ ሰርቨር ራሱ። እርስዎ ተከራዩን «አትተኛ» አሉት፤ እሱም እሺ አለ። አከራዩ ግን አሁንም ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ቆሟል። ለኃይል ቁጠባ ተብሎ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው እንደዚያ ሆኖ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ሰው የማይበዛበት ቀን ያስፈቅዱ፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ መነሳት አለበት። ከሁሉ በፊት ዳታቤዙን ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፤ መገልበጡንም ከፍተው አይተው ያረጋግጡ። ከዚያ ሦስቱን ቨርቹዋል ማሽኖች በወጉ ይዝጉ፤ ገመድ እንዳይነቅሉ! ሰርቨሩ ሲነሳ፣ ገና ምንም ሳይጭን፣ ባዮስ የሚባለው ገጽ ውስጥ የሚያስገባ ቁልፍ ስክሪኑ ላይ ይጻፋል፤ እሱን ይጫኑ። የኃይል አጠቃቀም የሚለውን ፈልገው ከቁጠባው ወደ «ፐርፎርማንስ» ይለውጡት። «ሲ ስቴትስ» የሚለው የፕሮሰሰሩ እንቅልፍ ነው፤ እሱን ያጥፉት። ሌላ ምንም አይንኩ። ሰርቨሩ ከተነሳ በኋላ ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስተዳድረው ሲስተም ላይም የኃይል ምርጫውን «ሃይ ፐርፎርማንስ» ያድርጉ። አከራዩ ማለት ሰርቨሩና እሱ አንድ ላይ ናቸው።

የማይጥመውንም ልንገርዎት። መብራት የበለጠ ይበላል። ክፍሉ ይሞቃል። ማራገቢያዎቹ ይጮኻሉ። ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ የኖረ ማሽን ደግሞ አንዳንዴ ለመነሳት ያንገራግራል፤ ቢዘገይብዎት አይደንግጡ። ያን ቀን ስልኬን ከእጄ አልለይም።

ከመቀየርዎ በፊት ካርድ ሲከፈት የሚፈጀውን ይለኩ፤ በኋላም ይለኩ። የመጣውን ይጻፉልኝ፤ ካልተሻለ «አልተሻለም» ይበሉኝ፣ አልሞትም።

የክንዴን ልክ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ነው የለካኝ፤ ሲለካኝ አልዋሸሁም።

ብሎን


ጥር 7

ይድረስ ለልጄ ለብሎን፤

አምላክ ከአንተ አይለይ፣ ከእኔም እንዳልተለየኝ።

መጀመሪያ ዋና ሐኪሙ ዘንድ ገብቼ «ያን ጊዜ ተሻለ ያልኩዎት አልተሻለም ነበር» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ አዩኝ። «እትዬ ካርድ፣ እኔ በሽተኛዬ እንዲህ ቢያደርገኝ ምን እንደምለው ያውቃሉ?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። እሑድን ፈቀዱልኝ፤ «የመጨረሻ ነው» ብለው።

ኮረንቲ ሊጨርሰኝ ነበር። «መብራት ሲሄድ በጄኔሬተር የምንኖር ሰዎች፣ አንቺ ማሽኑን ቁጭ ብሎ እንዲበላ ልትፈቺው ነው?» አለኝ። «ቁጭ ብሎማ የሚበላው እስካሁን ነው፤ አሁን ሊሠራ ነው» አልኩት። እያጉረመረመ መጣ። መጣ እንጂ!

ቅጂውን አደረግሁ፣ ከፍቼም አየሁት። ማሽኖቹን አንድ በአንድ ዘጋሁ። ሰርቨሩን ሳጠፋው ክፍሉ እንዲህ ጸጥ ሊል እንደሚችል አላውቅም ነበር። አበራሁት። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ጠበቅሁ፤ ጥቁር ነው። ኮረንቲ «ሞተ» አለ። «አፍህን ዝጋ» አልኩት። ስልኩን አንስቼ ስምህ ላይ ጣቴን አሳርፌ ነበር። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ የልጆች ክትባት፣ ያ ሁሉ የደም ዓይነት እዚያ ጥቁር ነገር ውስጥ ነው ያለው። ቅጂ እንዳለኝ ባውቅም ሌላኛውን እጄን ወደ ገመዱ ሰደድኩ። አንተ «ያንገራግራል» ብለህ ባትጽፍልኝ ኖሮ ገመዱን ነቅዬው ነበር። በመጨረሻ ጽሑፉ ብቅ አለ። እልልታዬን ኮሪደር ላይ ያለው ዘበኛ ሰምቶ ሴት ወለደች ብሎ መጣ።

እንዳልከው አከራዩን አገኘሁት። እውነትህን ነው፤ ቁጠባ ላይ ነበር። ለወጥኩ። እንቅልፉን አጠፋሁ። ሌላ ምንም አልነካሁም።

አሁን ልኩን ልንገርህ። እኔ የምለካው በሹራብ ነው። ቀድሞ አንድ ካርድ እስኪከፈት አንድ መስመር ሠርቼ አዞረው ነበር። ሰኞ ጠዋት መርፌዬን አዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። የመስመሩ ሩብ ላይ ሳልደርስ ካርዱ ተከፈተ። ሰውየው «ምነው እትዬ፣ የእኔ ነው?» አለኝ። ተጠራጥሮ ነው። ቀጣዩም እንዲሁ፣ ቀጣዩም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ሹራቡን አላነሳሁትም።

የቀረውንም ልንገርህ፣ ተምሬያለሁና። የላቦራቶሪው የጠዋት ሪፖርት እንደ ቀድሞው ያዘግማል፤ አልተሻለም። ክፍሉም ሞቋል። ኮረንቲ አኩርፏል።

ግን ልጄ፣ ኮሪደሩ ባዶ ሲሆን ወለሉ ላይ ያለውን ንጣፍ ቀለሙን አየሁት። አረንጓዴ ነው ለካ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እትዬህ


ጥር 8

ለተከበሩ እትዬ፤

እሰይ! አዳራሹ ውስጥ ጮክ ብዬ ስስቅ አለቃዬ «ምን ተገኘ?» አለኝ። «ዘመዴ አከራዩን አገኙት» አልኩት። አልገባውም፣ ተወኝ።

ለክፍሉ ሙቀት፣ ከሰርቨሩ ጀርባ የተከመረ ካርቶን ካለ ያንሱት፤ የሚወጣው ትኩስ አየር መንገድ ይፈልጋል። ኮረንቲን ይጠይቁት፤ ግድግዳው ላይ የአየር ማናፈሻ ቀዳዳ መቁረጥ ያውቅበታል፣ ሥራ ሲሰጡት ኩርፊያውም ይለቀዋል። የላቦራቶሪው ሪፖርት የእንቅልፍ ችግር አይመስለኝም፤ ሌላ በሽታ ነው። ሌላ ቀን አብረን እናየዋለን።

አንድ ነገር ግን አሁን ልበል። ሰው ሁሉ ለእኔ «ደህና ነን» ብሎ ነው የሚጽፍልኝ። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ «አልተሻለም» ብሎ የጻፈልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ያ ቃል ቤት ውስጥ ያለሁ ያህል እንዲሰማኝ አደረገኝ። ስለሱ አመሰግናለሁ።

ብሎን


መጋቢት 16

ይድረስ ለምወድህ ለብሎን፤

ጤናህን አብዝቶ ይስጥልኝ።

ጥር መጨረሻ ላይ ዋና ሐኪሙ ራሳቸው መጥተው ከኮሪደሩ ጫፍ ቆሙ፤ ሰልፍ ሲፈልጉ ነው። ሦስት ሰዎች ነበሩ። «በቃ፣ ወረቀቱ አይመለስም» አሉ። ባለፈው ሳምንት የወረቀቱን መደርደሪያ አውጥተው ወሰዱት። ግድግዳው ላይ ምልክቱ ቀርቷል። ኮረንቲ ካርቶኑን አንስቶ ማናፈሻውን ቆርጦ ጨርሶ፣ አሁን በራሱ አግዳሚ ወንበር ላይ እየተቀመጠ ፀሐይ ይሞቃል። ሌላ የሚቀመጥበት የለም።

ከዚህ ጋር በሰው እጅ ጥቅል ልኬልሃለሁ። እንዳትደነግጥ ቀድሜ ልንገርህ፤ እጅጌ የለውም። አንዱ እጅጌ በድሮው ልክ ተሠርቶ ነበር፤ ፈታሁት። በላክኸው ልክ ልጀምር ብዬ በየቀኑ ቢሮ ይዤው ሄድኩ፤ በየቀኑ እንዳለ ተመለሰ። መርፌ ለማንሳት ጊዜ የሚሰጥ ካርድ ጠፋ! ቤት ስገባ ደግሞ ደክሞኝ እተኛለሁ። ስለዚህ ብብቱን ከፍ አድርጌ ጠርዙን ቋጨሁትና እጅ አልባ ሆነ። ክንድህን ባያሞቅ ደረትህን ያሞቃል። ጡረታ ስወጣ ባለ እጅጌውን እሠራልሃለሁ።

እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሹራብ ሁሉ ሳልጨርሰው ደስ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው። አመሰግንሃለሁ። ይሄኛውን እመነኝ።

እትዬህ


ሚያዝያ 3

ለተከበሩ እትዬ፤

ጥቅሉ ደረሰኝ። እዚያው ከፍቼ ለበስኩት። ቀለሙ በጣም ያምራል፣ ደረቴን ያሞቀኛል፣ ርዝመቱም ልክ ነው።

ብብቱ ጋ ትንሽ ይይዘኛል።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ብሎን